ለግቢያችንና ለመቃብራችን የሚሆን አበባ፤ ስለ ቀጋና ስለ ነጠላ ጽጌረዳ አመራረጥ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በግቢና በመቃብር ሥፍራ ንዑስ ኮሚቴ የቀረበ ንግግር)




ባለፈው ስብሰባችን ላይ ሁለት ሐሳብ ቀርቦ ሳይቋጭ መቅረቱ ይታወሳል። አንደኛው ወገን፣ በምዕራቡ አጥራችን ላይ የበቀለው ቀጋ ተነቅሎ በምትኩ ከአዲስ አበባ የሚገዛ ባለ ድርብርብ ጽጌረዳ ይተከል አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ ድንኳንና ወንበር ለመግዣ ያጠራቀምነው ገንዘብ ለአበባ አይውልም አለ። ሁለቱም ወገን ለእድሩ አስቦ ነው የተናገረው። ጉዳዩ ለኛ ተመርቶ እንድናጠናው ስለታዘዝን፣ የደረስንበትን ዛሬ ለማቅረብ እንወዳለን።

ሐሳባችንን ከመጀመሪያው ግልጽ እናድርገው። ቀጋው አይነቀል እንላለን። ለመቃብሩ ሥፍራም አበባ የሚጨመር ከሆነ፣ መሀሉ ክፍት የሆነ ባለ አምስት ቅጠል አበባ ይመረጥ እንላለን። ምክንያታችን ምን እንደሆነ በየተራ እንዘረዝራለን።

በመጀመሪያ ነጠላና ድርብ የምንለው ምን እንደሆነ እንግባባ። ሁላችንም ነጠላንና ጋቢን እንለያለን፤ አበባም እንደዚያው ነው። ነጠላ ጽጌረዳ ቀለም ያላቸው የአበባ ቅጠሎቹ አምስት ናቸው። እስከ ስምንት ቢደርሱም አትክልተኞች ያው ነጠላ ይሉታል። ሲፈካ እንደ ሰፌድ ይዘረጋና መሀሉ ላይ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ይታያሉ። በየክሩ ጫፍ ላይ ቢጫ ዱቄት አለ። እነዚህ ክሮች የአበባው ወንዴ ክፍሎች ናቸው፤ ዱቄቱም ንብ በእግሯ ጠቅልላ ወደ ቀፎ የምትወስደው ነው። ድርብ ጽጌረዳ ግን በአንዱ አበባ ላይ ሃያ፣ ሠላሳ፣ ከዚያም በላይ ቅጠል ይኖረዋል። ታዲያ ይህ ሁሉ ቅጠል ከየት መጣ? ትልቁ ድርሻ ከክሮቹ ነው የመጣው። በሰው ምርጫና እንክብካቤ ብዛት ክሩ ወደ ቅጠልነት ተለውጧል። ስለዚህ ድርቡ እየደመቀ በሄደ መጠን ለንብ የሚተርፈው እየቀነሰ፣ ፍሬ የመያዝ አቅሙም እየደከመ ይሄዳል።

ድርቡን ለማጣጣል አይደለም። በሰበታም ሆነ በሱሉልታ በኩል ያለፈ ሰው በፕላስቲክ ቤት ውስጥ የሚለማውን ጽጌረዳ አይቷል። አገራችን በአበባ ንግድ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ የምትጠራው በዚያ ነው። ያ አበባ ግንዱ የረዘመ፣ እምቡጡ የጠበቀ፣ በአውሮፕላን ተጉዞ በብርጭቆ ውስጥ የሚሰነብት እንዲሆን ተመርጦ የተዘጋጀ ነው። ለተዘጋጀበት ሥራ ጥሩ ነው። የኛ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እኛ የምንፈልገው ክረምት ከበጋ ሜዳ ላይ የሚቆም፣ መድኃኒት የሚረጭለት ሠራተኛ የማይፈልግ፣ ሟቾቻችን ባረፉበት ሥፍራ ሳይታክት የሚያብብ ተክል ነው።

አሁን ወደ ቀጋው እንምጣ። ልጅ ሆነን ፍሬውን ለቅመን ያልበላን፣ በእሾሁም ያልተቧጨርን ጥቂቶች ነን። ብዙ ሰው ግን ቀጋ ራሱ ጽጌረዳ መሆኑን አያውቅም። እንግሊዛዊው የዕፀዋት ሊቅ ጆን ሊንድሌይ እ.ኤ.አ. በ1820 ስለ ጽጌረዳዎች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ሮዛ አቢሲኒካ፣ ማለትም የሐበሻ ጽጌረዳ ብሎ አስፍሮታል። ከሰሐራ በረሃ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ በተፈጥሮው የሚበቅለው ጽጌረዳ ይኸው ቀጋ ብቻ ነው። ከኛ ሌላ በሱዳን፣ በሶማሌና ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመን ይገኛል። የሚወደው ከ1900 እስከ 3300 ሜትር ከፍታ ያለውን አገር ነው። ሰንዳፋ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ልክ መሀሉ ላይ ናት። በሌላ አነጋገር፣ አምጥተን የተከልነው እንግዳ ሳይሆን የአገሩ ባለቤት ነው።

አበባው ነጭ ነው፤ አልፎ አልፎም ወደ ቢጫ ያደላል። ቅጠሉ አምስት፣ መሀሉ ወርቅማ፣ ሽታው ደስ የሚል ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በዘለላ ያብባል። አበባው ሲረግፍ ፍሬው ይከተላል፤ ሲበስልም ብርቱካናማ ቀይ ይሆናል። በጠቅላላው የጽጌረዳ ፍሬ በቫይታሚን ሲ የታወቀ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ እንግሊዝ አገር ብርቱካን መግባት ሲያዳግት፣ ከ1941 ጀምሮ ሕዝቡ የዱር ጽጌረዳ ፍሬ ከየአጥሩ እየለቀመ ለሕፃናት ሽሮፕ እንዲዘጋጅበት ተደርጓል። እነሱ በጦርነት ጊዜ የፈለጉት ዓይነት ፍሬ ከአጥራችን ላይ ተንጠልጥሎ ነው ቀጋው ይነቀል የምንለው። ልጆቻችን ሲበሉ ግን በውስጡ ያለውን ፍሬና ጠጉር አውጥተው እንዲጥሉ እንንገራቸው፤ ጠጉሩ ጉሮሮ ያሳክካል።

እስቲ ደግሞ ለእድርተኛ ይበልጥ የሚቀርበውን ነገር እናንሳ። በ1840 ገደማ ካርቲን ዲዮንና ፕቲ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ሐኪሞች ወደ ትግራይ መጥተው ዕፀዋት ይሰበስቡ ነበር። ሁለቱም እዚሁ አገራችን ውስጥ ሞቱ፤ ለአገራቸው አልበቁም። የሰበሰቡት ግን ፓሪስ ደርሶ፣ አሺል ሪሻር የተባለው ሊቅ በ1847 መታተም በጀመረው የኢትዮጵያ ዕፀዋት መጽሐፉ ውስጥ መዘገበው። ከነዚያ መካከል በትግራይ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ የምትተከል አንዲት ጽጌረዳ ነበረች። አጠር ያለች፣ አበባዋ ፈዘዝ ያለ ሮዝ፣ ቅጠሏ አምስት፣ የመሀል ክሮቿም ወርቅ የመሰሉ ናቸው። ሪሻር ሮዛ ሳንክታ፣ ማለትም ቅድስት ጽጌረዳ አላት። ያ ስም አስቀድሞ ለሌላ ጽጌረዳ ተሰጥቶ ስለነበረ፣ በኋላ በእርሱ በራሱ ስም ሮዛ ሪቻርዲ ተባለች። ይህችኛዋ እንደ ቀጋ የዱር ሳትሆን የተዳቀለች የግቢ ተክል ናት። ወደ አገራችን ያመጣት ከሣቴ ብርሃን ፍሬምናጦስ ሳይሆን አይቀርም ብለው የገመቱም አሉ።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ1888 እንግሊዛዊው ፍሊንደርስ ፔትሪ በግብፅ አገር፣ በፋዩም አቅራቢያ ሐዋራ በተባለው ሥፍራ የሮማውያን ዘመን መቃብር ሲቆፍር፣ ከሟቾች ጋር የተቀበረ የአበባ ጉንጉን አገኘ። በጉንጉኑ ውስጥ ጽጌረዳ ነበረበት። ቤልጅጋዊው የጽጌረዳ ሊቅ ክሬፔን መርምሮ ከዚያችው ከትግራዩ ቅድስት ጽጌረዳ ጋር አንድ ናት አለ። እንግዲህ ሰው ሟቹን በባለ አምስት ቅጠል ጽጌረዳ መሸኘት ከጀመረ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው። እኛ ዛሬ በቀብር ላይ የምናኖረው የፕላስቲክ አበባ ግን በአንድ ክረምት ነጥቶና ተቀዳዶ ጭቃ ውስጥ ወድቆ እናየዋለን። ለሟች ክብር ብለን ያኖርነው ነገር በዓመቱ ቆሻሻ ሆኖ መታየቱ ሁላችንንም ቅር ያሰኛል።

ከውጭ አገር የመጡም ጥሩ ጥሩ ነጠላዎች አሉ። በ1918 በእንግሊዝ የወጣው መርሜድ የሚሽከረከር ነው፤ ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ እንኳ ክሮቹ ለጥቂት ጊዜ ያምራሉ። በ1925 የወጣው ዴይንቲ ቤስ ሮዝ ሲሆን ክሮቹ የወይን ጠጅ ቀለም አላቸው። በ1956 በአሜሪካ የወጣው ጎልደን ዊንግስ፣ በ1966 በፈረንሳይ የወጣው ቀዩ አልቲሲሞም ይጠቀሳሉ። ስማቸውን መጥራታችን ዓይናችን ምን መፈለግ እንዳለበት እንድናውቅ ነው እንጂ ግዙ ለማለት አይደለም። ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁም ቁራጭ በሻንጣ አስመጡ አንልም። ተክል ያለ ፈቃድና ያለ ምርመራ ሲገባ በሽታ ይዞ ይገባል።

ታዲያ ችግኝ ቤት ሄደን ስንመርጥ ምን እንይ? ንዑስ ኮሚቴው የሚከተሉትን ያሳስባል።

አንደኛ፣ ተክሉ ሲያብብ እንጂ እምቡጥ ሳለ አይገዛ። እምቡጥ ሁሉ ያምራል፤ ነጠላ መሆኑና አለመሆኑ የሚታወቀው ሲፈካ ነው። ቅጠሉን ቁጠሩ።

ሁለተኛ፣ አንዱን አበባ ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ዛሬ የፈካውንም፣ ፈክቶ ሁለት ሦስት ቀን የሆነውንም አነጻጽሩ። ክሩ በፈካበት ቀን ወርቅማ ሆኖ በማግሥቱ የሚጠቁር አለ፤ ቀለሙን ይዞ የሚቆይም አለ። የሚመረጠው ሁለተኛው ነው።

ሦስተኛ፣ ክሩ ከቅጠሉ ቀለም ጎልቶ ይታይ። ቀይ ላይ ቢጫ፣ ነጭ ላይ ወርቅማ ከሩቅ ይለያል። ቢጫ ላይ ቢጫ ሲሆን ግን ቀርበው ካላዩት አይታይም።

አራተኛ፣ አረንጓዴውን ቅጠል ገልብጣችሁ እዩ። ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ወይም ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ከሆነ አትውሰዱ፤ ለሌላው ይተርፋል።

አምስተኛ፣ የተዳቀለ ከሆነ መጋጠሚያውን አስተውሉ። ብዙ ሰው «ጽጌረዳዬ ዱር ሆነ» ሲል ይሰማል። ዱር አልሆነም። የላይኛው ሞቶ ከታች የተዳቀለበት ሥር አቆጥቁጦ ነው። ከመጋጠሚያው በታች የሚወጣውን ከሥሩ መንቀል ነው መድኃኒቱ።

ነጠላ አበባ ጉድለትም አለው፤ አንደብቅም። አንዱ አበባ በጥቂት ቀን ይረግፋል። ተቆርጦ በውኃ ውስጥ አይሰነብትም። ስለዚህ ለሠርግ ጠረጴዛ የሚሆን ጠንካራ አበባ የሚፈልግ ሰው ከኛ ጋር አይስማማም፤ እውነት አለው። ቀጋም ቢሆን ያድጋል፣ ይስፋፋል፣ እሾሁም ኃይለኛ ነው። በመቃብር ላይ ወይም በመተላለፊያ ላይ አይተከልም። ቦታው አጥር ነው። አጥር ላይ ግን ከብት አያሳልፍም፤ ሽቦም አያስገዛም። ለመቃብሩ አጠገብ አጫጭር ነጠላ ጽጌረዳ ይሁን፤ ያውም ቤተሰቡ ከፈቀደና የየሃይማኖቱ ሥርዓት ካልከለከለ ብቻ። እድራችን የክርስቲያኑም የእስላሙም ስለሆነ በዚህ ነገር ማንንም ልናስገድድ አንችልም።

ስለ አፈራችንና ስለ ዝናባችንም እናስብ። የሰንዳፋ ጥቁር መረሬ አፈር በክረምት ውኃ ይቋጥራል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። ጽጌረዳ ሥሩ ውኃ ውስጥ ከቆመ ይበሰብሳል። ስለዚህ መደቡ ከፍ ተደርጎ፣ እንደ ስንዴ ማሳችን ፈሰስ ይውጣለት፤ የከብት ፍግና አሸዋም ይቀላቀልበት። ድርቡ አበባ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ውኃ ተሸክሞ ሳይፈካ እምቡጡ ላይ ሊበሰብስ ይችላል። ነጠላው ግን ውኃ የሚቋጥርበት እጥፋት ስለሌለው ቶሎ ይደርቃል።

ማባዛቱም ብዙ ወጪ የለውም። ክረምቱ ሲገባ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው፣ አንድ ስንዝር ርዝመት ያለው ጤነኛ ቅርንጫፍ ይቆረጣል። የታችኛው ቅጠል ይራገፍና ሁለት ሦስተኛው መሬት ውስጥ ገብቶ ጥላ ሥር ይተከላል። ሁሉም አይጸድቅም፤ አሥር ተተክሎ ግማሹ ቢይዝ ጥሩ ነው። የቀጋ ዘር ግን ለመብቀል ወራት ስለሚፈጅ ትዕግሥት ይጠይቃል።

በመጨረሻም ለጉባኤው የምናቀርበው የውሳኔ ሐሳብ የሚከተለው ነው። ቀጋው ባለበት ይቆይ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ይከርከም። ለአበባ ከእድሩ ሣጥን የሚወጣው ገንዘብ ለእናት ተክል የሚሆኑ ጥቂት ችግኞች መግዣ ብቻ ይሁን። ከነዚያ ላይ ቆርጦ ማባዛቱን አባላት በተራ እንሥራው። በድንኳን ተከላ የሚሳተፉ ወጣቶች ከእናቶች ጋር ሆነው አንድ መደብ ይያዙ። ለድንኳኑና ለወንበሩ የተጠራቀመው ግን አይነካ፤ እርሱ ነገ ሐዘን ለሚገባበት ቤት የተቀመጠ ነው።

በወር መዋጯችን ውስጥ ከባልቴቶች መቀነት የሚፈታ ብር አለ። ያ ብር በየዓመቱ ለሚነቀልና ለሚተከል ነገር እንዳይውል መጠንቀቅ የሁላችን ግዴታ ነው። አንድ ጊዜ ተተክሎ ንቡን የሚቀልብ፣ ለልጅ ፍሬ የሚሰጥ፣ በሟቾቻችን አጠገብ የሚያብብ ተክል እያለን ሌላ ፍለጋ መሄድ አያስፈልገንም። ቀጋውን ሄዳችሁ እዩትና ፍረዱ፤ ከአዳራሹ በስተጀርባ ነው ያለው።

ጥያቄ ካለ ለመመለስ ዝግጁ ነን።  ፈጣሪ ያለፉትን ነፍስ ይማር፤ ያለነውን ደግሞ በሰላም ያክርመን።