የምድር ሠራተኞች መሣሪያና የአውሮፕላን ደኅንነት



በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ አገር፣ ሮብ ገበያ የሚባለው ስፍራ ስሙን ያገኘው ከገበያው ቀን ነው። ወደ ገበያ እህል የሚጭን ሰው ከመነሣቱ በፊት መጫኛውን ይመረምራል፤ መጫኛው ከላላ የአጋሰሱ ብርታት ጭነቱን ከመውደቅ አያድነውምና።

ይኸው እውነት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጃፓን አውሮፕላኖች ላይ ታይቷል። ሚትሱቢሺ ናጎያ ላይ የሠራው፣ በኋላ «ዜሮ» የተባለው ተዋጊ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው መጋቢት 23 ቀን 1931 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ ከፋብሪካው አጠገብ መነሻ ሜዳ ስላልነበረ፣ ተፈታትቶ እስከ ካካሚጋሃራ የተጓዘው በሬ በሚጎትተው ጋሪ ነበር። ሞተሩን ለማስነሣት መካኒኩ ማኖቬላ ሰክቶ ቮላኖውን በክንዱ ያሽከረክራል፤ ቮላኖው ፍጥነት ሲያገኝ ከሞተሩ ጋራ ይያያዝና ኤሊካውን ያዞረዋል። የምድር ጦሩ ኪ-43 ደግሞ በካሚዮን ላይ የተተከለ ረጅም ዘንግ ከኤሊካው አፍንጫ ጋራ እየተገጠመ ይነሣ ነበር። አንድ ካሚዮን ብዙ አውሮፕላኖችን በተራ ማስነሣቱ ጥቅም ነው፤ ሲበላሽ ግን ሁሉም ይቸገራሉ። በሩቅ ደሴቶችም መለዋወጫና የጥገና መሣሪያ በመጥፋቱ ብዙ አውሮፕላኖች ቆመው ቀርተዋል።

በኢትዮጵያም መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የአየር መንገዱን የመጀመሪያ በረራ ወደ ካይሮ ያደረገው ሲ-47 ከዚያው ጦርነት የተረፈ ዓይነት ነበር። ሞተሩ እንደ ዜሮው ባለ 14 ሲሊንደር ሲሆን፣ የማስነሻው ቮላኖ በኤሌክትሪክ፣ ባትሪው ሲደክም ደግሞ በእጅ ይሽከረከራል። እንዲህ ባለው ሞተር ውስጥ ዘይት ወደ ታችኛዎቹ ሲሊንደሮች ስለሚወርድ፣ ከመነሣቱ በፊት ኤሊካውን በእጅ ማዞር ግዴታ ነው፤ ይህ ከተዘለለ ቢየላው ሊታጠፍ ይችላል። ከበርሜል የሚቀዳው ቤንዚን በለፋ ስስ ቆዳ ይጠለላል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታንኩ ሥር ይዘቅጣል፤ ስለዚህም ከበረራ በፊት ከሥር ተቀድቶ ይታያል። ከከተማ ርቆ በሚገኝ የአፈር ሜዳ ላይ ይህን ሁሉ የሚሠራው ጥቂት ሰው ነው።

ማኖቬላ፣ ማጥለያ ቆዳና የጎማ ታኮ ዋጋቸው ጥቂት ነው፤ የተሳፋሪ ሕይወት ግን በእነርሱ ላይ ያርፋል። ስለሆነም በጀት ሲመደብ የምድር መሣሪያ ከአውሮፕላኑ ተለይቶ እንደ ትርፍ ወጪ መታየት የለበትም፤ መካኒኩም «ዛሬ አይነሣም» ባለ ጊዜ ቃሉ ሊከበርለት ይገባል።