ስሙ አንድ፣ መነሻው ልዩ ልዩ



«የማህፀን ካንሰር» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የማህፀን በር ካንሰርን ነው። ዛሬ የምናነሳው ግን ከማህፀን የውስጥ ሽፋን የሚነሳውን ነው። የማህፀን በር ቅድመ ምርመራ ይህንኛውን ለማግኘት የተዘጋጀ አይደለም። ዋናው ምልክቱ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ የሚታይ ደም ነው፤ ጥቂትም ቢሆን ለሐኪም ሊነገር ይገባል።

በሒሳብ ክፍል የምንሠራ እንደምናውቀው፣ ሁለት መዝገቦች ድምራቸው እኩል ሆኖ መነሻ ሰነዳቸው ሊለያይ ይችላል። ይህም በሽታ እንዲሁ ነው። ሕዋሳቱ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ክፉኛ ተለውጠው ከተገኙ ሐኪሞች «ከፍተኛ ግሬድ» ይሉታል። አንዱ ግን ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ካወፈረው ሽፋን ይነሳል፤ ሌላው፣ ሴረስ የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ዕድሜ ባሳሳው ሽፋን ላይ ይነሳና ቶሎ ይሠራጫል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የአሜሪካ ጥናት 373 እጢዎችን መርምሮ ነበር። በመልካቸው ከመጀመሪያው ዓይነት ተቆጥረው ከፍተኛ ግሬድ ከተባሉት ውስጥ ሩብ ያህሉ በጂናቸው ሴረስን የሚመስሉ ሆነው ተገኙ።

ለመለየት ከናሙናው ላይ ፕሮቲኖች በቀለም ይመረመራሉ። ፒ 53 የተበላሸ ሕዋስ እንዳይባዛ የሚከላከል ዘበኛ ነው፤ በሴረስ ካንሰር ግን ከመጠን በላይ ተከማችቶ ወይም ጭራሹን ጠፍቶ ይታያል። እንደ ኤም ኤል ኤች 1 ያሉ የዲኤንኤ ጠጋኝ ፕሮቲኖች ከጠፉ ደግሞ፣ ሊንች ሲንድረም የተባለ በዘር የሚተላለፍ ችግር ሊኖር ስለሚችል እህትና ልጅም መመርመር ሊያስፈልጋቸው ይችላል። አንድ ምልክት ብቻውን አይፈርድም፤ ሐኪሙ ሁሉንም አገናዝቦ ይወስናል።

ሕክምናውም በዚሁ ይለያያል። ፒ 53 ለተበላሸባቸው ከጨረር ጋር ኬሞቴራፒ መጨመሩ ይጠቅማል፤ ጠጋኝ ፕሮቲን ለጠፋባቸው የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃ መድኃኒት ሊሠራ ይችላል።

የሕክምና መደጎሚያ ሣጥናችን እስካሁን ለመድኃኒትና ለትራንስፖርት ብቻ ይከፍላል። ለናሙና ምርመራም የራሱ መደብ እንዲከፈት እንጠይቃለን። መነሻው ሳይለይ ለመድኃኒት መክፈል ሰነድ ሳያዩ ወጪ እንደማድረግ ነው፤ እዚህ ግን የሚጎድለው ብር ብቻ ሳይሆን የእህታችን ዕድሜ ነው።

ናሙና የሰጣችሁ እህቶችም የፓቶሎጂውን ወረቀት አትጣሉ። «የፕሮቲን ምርመራው ተሠርቷል ወይ?» ብላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ብቻውን መጠየቅ የሚከብዳት ካለች አብረናት እንሄዳለን።