ከማኮብኮቢያው በታች ያሉ ኩሬዎች፦ የኢስታንቡልን አውሮፕላን ማረፊያ በምስለ በረራ ዳግም ስለ መሥራት



ዛሬ የምናገርለት ሥራ ለአንዳንዶቻችሁ ጨዋታ ሊመስል ይችላል። የኢስታንቡልን አዲስ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ለምስለ በረራ፣ በተለምዶ ሲሙሌተር ለምንለው ፕሮግራም፣ በኮምፒውተር ዳግም መሥራት ነው። የካርታ ሥራ መምህር ነኝ፤ ነገር ግን ካርታ ምን እንደሚደብቅ በቅጡ የተረዳሁት በዕረፍት ሰዓቴ በሠራሁት በዚህ ሥራ ነው።

ማረፊያው ከኢስታንቡል መሀል ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ በጥቁር ባሕር ዳርቻ ይገኛል። የተመረቀው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2018 ነው። የመንገደኞች በረራ ከነባሩ የአታቱርክ ማረፊያ ጠቅልሎ የተዛወረው ግን በኤፕሪል 2019 ነበር። ያን ጊዜ አይ ኤስ ቲ የተሰኘው የሦስት ፊደል መለያ እንኳ ከአሮጌው ተነሥቶ ለአዲሱ ተሰጠ።

ማኮብኮቢያውን መሣል አልከበደኝም። የየአገሩ የሲቪል አቪዬሽን ተቋም በሚያወጣው የበረራ መረጃ ሰነድ ላይ የማኮብኮቢያው የሁለቱ ጫፎች ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ ከፍታውና የመብራቶቹ ዓይነት ተመዝግቦ ይገኛል። መጀመሪያ አገልግሎት የጀመሩት ሁለቱ ማኮብኮቢያዎች 3,750 እና 4,100 ሜትር ርዝመት አላቸው። 90 ሜትር ቁመት ያለውና የቱሊፕ አበባ ቅርጽ የተሰጠው የመቆጣጠሪያ ማማም ትዕግሥት እንጂ ልዩ ጥበብ አልጠየቀኝም።

ያስቸገረኝ መሬቱ ነው። በምስለ በረራ ውስጥ መሬት በሦስት ንጣፎች ይሠራል፤ የከፍታ ልኬት፣ ከሰማይ የተነሣ ፎቶግራፍና በላያቸው የሚያርፈው ሥዕል። እኔ የተጠቀምሁበት የከፍታ ልኬት ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 በ11 ቀናት ጉዞዋ በራዳር የሰበሰበችው ነው። ፎቶግራፉ ከዚያ በኋላ፣ ነገር ግን ግንባታው ሳይጀመር የተነሣ ነበር። የዘመኑ ማረፊያ የነበረው የእኔ ሥዕል ብቻ ነው። ሦስት ዘመናት በአንድ ስፍራ ተደራርበው ነበር።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሙከራ ሳርፍ አውሮፕላኔ በማዕበል ላይ እንዳለች ጀልባ ወረደች፣ ወጣች፣ ደግሞም ወረደች። ስሕተቱን በራሴ ሥራ ውስጥ ለሳምንታት ፈለግሁት። በመጨረሻ ሥዕሉን አንሥቼ ከሥሩ ያለውን ፎቶግራፍ ስመለከት ነገሩ ገባኝ። ስፍራው ቀድሞ የድንጋይ ከሰል በገሃድ እየተቆፈረ ይወጣበት የነበረ ነው። ከሰሉ ከወጣ በኋላ ጉድጓዶቹ ውሃ ሞልተው ኩሬ ሆነዋል፤ በዙሪያቸውም ደንና የግጦሽ መስክ ይታያል። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም፤ ያየውን በታማኝነት ይዞ ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው። የስፍራውን ዙሪያ ከልሎ ከፍታውን ማስተካከል፣ ውሃ ተብሎ የተመዘገበውንም መሰረዝ። ኩሬዎቹን አንድ በአንድ ሰረዝሁ። አውሮፕላኔም ያለ አንዳች መንገጫገጭ አረፈች፤ እኔም ደስ አለኝ።

ይህንኑ ሥራ በክፍል ውስጥ ሳሳይ፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። ቤተሰቦቹ በቢሾፍቱ አቅራቢያ በአቡሴራ የሚያርሱ ናቸው። አቡሴራ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለአዲሱ ታላቅ ማረፊያ የመረጠው ስፍራ ነው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ካለው ከቦሌ ዝቅ ያለ በመሆኑ፣ አየሩ ስለሚወፍር አውሮፕላኖች የበለጠ ጭነው መነሣት ይችላሉ። ተማሪው ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ማረፊያው መሠራቱንም አልተቃወመም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የቢሾፍቱን ማረፊያ በምስለ በረራ የምሠራ ብሆን የአባቱን ማሳ በየትኛው ቁልፍ እንደምሰርዘው።

መልስ አልነበረኝም። ያን ምሽት ወደ ኢስታንቡል ሥራዬ ተመልሼ የሰረዝሁትን መፈለግ ጀመርሁ። የኩሬዎቹን ቅርጽ አላስቀመጥሁም ነበር፤ ከአሮጌው ፎቶግራፍ ላይ እንደገና መሣል ግድ ሆነብኝ። ዛሬ ሥራዬ አራተኛ ንጣፍ አለው። ተጠቃሚው ሲፈልግ ማኮብኮቢያውን ገልጦ ከሥሩ የነበረውን ውሃ፣ መስክና መንገድ ከነዘመኑ ማየት ይችላል።

ከዚህ ሥራ ያገኘሁት ትምህርት አጭር ነው። አዲስ ነገር በካርታ ላይ የሚያሰፍር ሰው የሚያነሣውን አስቀድሞ ይመዝግብ። ይህ ለኢስታንቡል ከረፈደ በኋላ የመጣ ሐሳብ ነው፤ ለአቡሴራ ግን ገና ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ያ ተማሪና ጓደኞቹ ከገበሬዎቹ ጋር እየተጓዙ የማሳውን ወሰን፣ የውሃ ጉድጓዱን፣ የእግር መንገዱንና የየስፍራውን ስም መመዝገብ ጀምረዋል። በካርታ ላይ ያልሰፈሩትን ስሞች የሚያውቁ አረጋውያን ወደተለያየ ስፍራ ከተበተኑ በኋላ አንድ ላይ ማግኘት ከባድ ነውና ሥራው አይዘገይም።

መዝገብ ማሳን አይመልስም፤ ለተማሪዬም እንዲህ ብዬ አልነገርሁትም። ነገር ግን የሚመጣው ትውልድ በዚያ ማኮብኮቢያ ላይ ሲያርፍ መሬቱ ባዶ እንዳልነበር ሊያውቅ ይገባል።