ሰማያዊው ኪኒን



በስፖርት ስለሚፈጸም ማታለል በተነገረ ቍጥር የሚወቀሰው አብዛኛውን ጊዜ ስፖርተኛው ብቻ ነው። የተከለከለ የኀይል መድኀኒት ወስዶ ተገኘ፤ ሜዳሊያውን ተቀማ፤ ነገሩም በዚያው ይዘጋል። ዛሬ የማወሳችሁ ግን ሕፃናት ሳያውቁ ስለ ዋጡትና አዋቂዎች ዐውቀው ስለ ሰጡት መድኀኒት ነው። ታሪኩ የተፈጸመው፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1990 ዓ.ም. ከምዕራብ ጀርመን ጋር በተዋሐደችው በምሥራቅ ጀርመን ነው። ሌላውንም ዘመን የምጠቅሰው በዚሁ አቈጣጠር ነው።

በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ የዚች አገር ሴቶች በውሃ ዋና አንድም ወርቅ አላገኙም። ከአራት ዓመት በኋላ በሞንትሪያል፣ አገራችን ከብዙዎቹ የአፍሪካ አገሮች ጋር በቀረችበት ኦሊምፒክ፣ ከ13ቱ የሴቶች የዋና ውድድሮች 11ዱን አሸነፉ። እንዲህ ያለ ዕድገት በልምምድ ብቻ ይገኛልን? አሜሪካዊቷ ዋናተኛ ሺርሊ ባባሾፍ አይመስለኝም አለች። እርሷ ራሷ በ200፣ በ400 እና በ800 ሜትር በምሥራቅ ጀርመን ልጆች ተቀድማ ሦስት ብር ወስዳ ነበር። የተፎካካሪዎቿን የድምፅ መጐርነንና የትከሻ ስፋት ባነሣች ጊዜ ግን የገዛ አገሯ ጋዜጠኞች መሸነፍ የማይዋጥላት ኵርፍተኛ ብለው ተዘባበቱባት።

የመድኀኒቱ ስም ኦራል ቱሪናቦል ነው፤ የወንድን ሆርሞን አስመስሎ የተሠራ ኪኒን ነበር። ጡንቻን ያፋፋል፤ ከድካምም ቶሎ ያነቃል። የሴት ሰውነት ይህን ሆርሞን በተፈጥሮው የሚያመነጨው በጥቂቱ ስለ ሆነ፣ ትንሽ ሲጨመርበት ለውጡ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ጐልቶ ይታያል። ሜዳሊያው በሴቶቹ በኩል የበዛበትም ምክንያት ይኸው ነው። መንግሥት በ1974 ነገሩን በምስጢር በዕቅድ አስገባው። ሐኪሙ መጠኑን ይወስናል፤ አሠልጣኙ ሰማያዊውን ኪኒን ቪታሚን ነው እያለ በልጅቱ እጅ ያኖራል። ወላጅ አልተጠየቀም። ክሪሻ በምትባል ከተማ ያለው የምርመራ ቤትም ስፖርተኞቹን ወደ ውጭ ከመሄዳቸው በፊት ይመረምር ነበር፤ መድኀኒቱ ከሰውነቷ ያልጠፋ ልጅ ከጕዞ ትቀራለች። አጥፊን ለመያዝ የተሠራ መሣሪያ አጥፊን ለማስመለጥ ዋለ ማለት ነው።

የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ ቨርነር ፍራንከ የተባሉ የሳይንስ ሊቅና ባለቤታቸው ብሪጊተ ቤሬንዶንክ፣ ሐኪሞቹ ራሳቸው የጻፉትን የምስጢር ሰነድ አግኝተው በ1991 ለሕዝብ ገለጡት። መጠኑም ጕዳቱም በሐኪም እጅ ተመዝግቧል፤ ይህ ከሁሉ ይልቅ ያስደነግጠኛል። ጕበታቸው የታመመ፣ ድምፃቸው እንደ ጐረነነ የቀረ ሴቶች በፍርድ ቤት ቀርበው መሰከሩ። በ2000 የስፖርቱ አለቃ ማንፍሬድ ኤቫልድ 22 ወር፣ ሐኪሙ ማንፍሬድ ሄፕነር 18 ወር ተፈረደባቸው፤ ሁለቱም ቅጣቱ በገደብ ስለ ሆነ እስር ቤት አልገቡም።

ሜዳሊያዎቹስ? የኦሊምፒክ ኮሚቴ የቀድሞውን ውጤት እንዲያርም ተጠይቆ እንቢ አለ። የባባሾፍ ብር ያው ብር ነው። እርግጥ፣ የዋጠችውን ሳታውቅ ያሸነፈችውን ልጅ ዛሬ ወርቋን መንጠቅ ሁለተኛ በደል ይሆናል። ነገር ግን ከእርሷ ሳይነጥቁ ለተቀደመችውም ሌላ ወርቅ ሠርቶ መስጠት ይቻላል፤ ኮሚቴው ይህን ስለምን እንደማያደርገው አጥጋቢ ምክንያት አላየሁለትም።