«ቤተሰብ ነን» ሲባል
(በአባላት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በዚህ መድረክ ስለ ቁጠባና ብድር ብዙ ተነጋግረናል። ዛሬ ተቀጥረን ስለምንሠራባቸው ቤቶች እንናገራለን። ከመካከላችን በአሶሳ ሆቴሎች ወጥ የሚሠሩ፣ አልጋ የሚያነጥፉ፣ በቢሮ ጽዳትና ተላላኪነት፣ በሱቅ ሽያጭ የተቀጠሩ አሉ።

ስለ ሥራ ቦታችን ስንጫወት መጀመሪያ የምናነሣው ደግ ደጉን ነው። ቡና አብረን እንጠጣለን። ሐዘን ሲደርስብን ባልደረቦቻችን አዋጥተው ድንኳን ድረስ ይመጣሉ፤ ስንወልድ አራስ ይጠይቃሉ። በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሽናሻው፣ አማራው፣ ኦሮሞው ከአንድ ትሪ ይበላል። ደመወዙ ከፍ ያለ ሌላ ሥራ ተገኝቶላት፣ እነዚህን ሰዎች ትቼ አልሄድም ያለች እህት አለችን።

የሚያስከፋንም ከዚሁ ደግነት ጋር ተጣብቆ ይመጣል። ለበዓል ስንጠራ «ቤተሰብ አይደለን እንዴ?» እንባላለን፤ ለሠራንበት ቀን ተጨማሪ ክፍያ የለም። ማታ እንግዳ ሲበዛ «ትንሽ ቆዩ» ነው። ስንወጣ ባጃጅ አይገኝም፤ በክረምት ያንን ጭቃ በጨለማ በእግር እናቋርጣለን። ክፍያ የጠየቀች ደግሞ ገንዘብ ወዳድ ትባልና ቡናው ላይ ትኮረፋለች። እውነቱን ለመናገር፣ ከቀረው ገንዘብ ይልቅ ኩርፊያው ይብስብናል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚለው ሌላ ነው። በሕዝብ በዓል ቀን ትርፍ ሰዓት ለሠራች የሰዓት ደመወዟ በ2.5፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። ውሉ በቃል ከሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የቅጥሩን ሁኔታ ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛዋ መስጠት አለበት። ይህ ወረቀት በእጃቸው ያለ እህቶች ጥቂቶች ናቸው።

የወሊድ ፈቃድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ነው፤ ሁሉም ከሙሉ ደመወዝ ጋር። አንዲት እህታችን ግን ገና አራስነቷን ሳትጨርስ ተጠራች። የተጠራችው በቁጣ አልነበረም፤ «ያላንቺ ወጡ አይጥምም» ተብላ ነው። እምቢ ማለት ከብዷት ተመለሰች። ቀሚሷ በጡት ወተት እየራሰ እስከ ማታ ትቆም ነበር፤ ሕፃኑ ጎረቤት ዘንድ ነው። በቁጣ ቢጠሯት ኖሮ መከራከር ይቀላት ነበር።

ስብሰባም አለ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ ስብሰባው በአማርኛ ይካሄዳል። አፏን በሌላ ቋንቋ የፈታች እህት ቃሉን እስክታገኝ አጀንዳው ያልፋል፤ ዝምታዋም እንደ ስምምነት ይጻፋል።

ስለዚህ ማኅበራችን የቅጥር ሁኔታን የሚያሰፍር አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጅቷል። ብቻችሁን ይዛችሁ አትግቡ፤ ከአንድ ቤት የምትሠሩ አብራችሁ አቅርቡት። ለጋሾቻችን፣ የምንጠይቃችሁ የማባዣውን ወጪና ለሚያጠቡ እናቶች የሕፃናት ማቆያ የሚሆን የአንድ ክፍል ኪራይ ነው። ቅጹ ከጸሐፊያችን ዘንድ አለ። ማንበብ ለሚቸግራችሁ፣ በበርታና በጉሙዝ ቋንቋ የሚያስረዱ ሁለት እህቶች ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል።