የዕፀዋት ሕማምና የጾም ገበታ
(በሐዋሳ ከተማ በመናኸሪያ ለተሰበሰቡ አድማጮች የተነበበ ዲስኩር)



በየረቡዑና በየዓርቡ፣ ይልቁንም በዐቢይ ጾም ወራት፣ በዚህ በመናኸሪያ ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ ተቀምጦ በየዓይነቱን አስቀርቦ ምስሩንና ሽሮውን፣ ጥቅል ጎመኑንም በእንጀራ እየጠቀለለ ለሚበላ ጾመኛ፣ ከአጠገቡ ጥብስ ያዘዘ ወዳጁ በጨዋታ መልክ የሚሰነዝርለት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «በጉ አሳዝኖህ ተውከው እንበል፤ ጎመኑስ ሲቀነጠስ አያመውም ያለህ ማን ነው?» የሚል ነው። ነገሩ ሳቅ አስነሥቶ ያልፋል፤ ጠያቂውም ለጎመን ተቆርቁሮ ሳይሆን ጥብሱን ያለ ወቀሳ ለመብላት ብሎ የተናገረው መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ግን ዛሬ ሳቁን ወደ ጎን ትቼ ጥያቄውን የምር እንድንመለከተው እለምናችኋለሁ።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ በዕለተ ሠሉስ የተፈጠሩትን በሦስት ይከፍሏቸዋል፤ በእጅ የሚለቀሙ አትክልት፣ በማጭድ የሚታጨዱ አዝርዕት፣ በምሳር የሚቆረጡ ዕፀዋት ተብለው። ይህን አከፋፈል ላስተዋለ ሰው የሚያስደንቀው፣ ፍጥረታቱ የተለዩት በቅጠላቸው ወይም በአበባቸው ሳይሆን የሰው እጅና የሰው ብረት በሚያርፍባቸው አኳኋን መሆኑ ነው፤ ሆኖም አከፋፈሉ ስለ መለቀም፣ ስለ መታጨድና ስለ መቆረጥ ይናገራል እንጂ ስለ መታመም አይናገርም። የእንስሳት ሕይወት ግን በደማቸው ውስጥ ስለሆነች ደመ ነፍስ ተብሎ የተለየ ስም ወጥቶላታል፤ በኦሪት ዘፍጥረትም ቢሆን ለአዳም አስቀድሞ ለምግብ የተሰጠው ዘርና ፍሬ ሲሆን፣ ሥጋ የተፈቀደው ከጥፋት ውኃ በኋላ ለኖኅ ነው፤ እርሱም ደሙ ተከልክሎ። እንግዲህ አባቶቻችን በጎመንና በበግ መካከል ያለውን ድንበር ያሰመሩት በደም ነው ማለት ነው።

የዛሬ ዘመን ሊቃውንት ይህን ድንበር በመሣሪያ ፈትነውታል። ህንዳዊው ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦስ ዓይን የማያየውን የዕፀዋት እድገትና እንቅስቃሴ አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ ሠርቶ፣ ተክል ሲነካና ሲጎዳ በውስጡ የኤሌክትሪክ ለውጥ እንደሚታይ ለዓለም አስረዳ። ከእርሱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1966፣ ክሊቭ ባክስተር የተባለ አሜሪካዊ የውሸት መመርመሪያ ባለሙያ መሣሪያውን ከአንድ የቤት ተክል ቅጠል ጋር አያይዞ «ተክሉ የሰውን ሐሳብ ያውቃል፤ በአጠገቡ ነፍስ ያለው ሲሞት ይደነግጣል» ብሎ ብዙ ሰው አስገረመ፤ ዳሩ ግን በ1975 ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን በጥንቃቄ ደግመው ሲያደርጉት ተክሉ ምንም ሳይደነግጥ ቀረ። ይህንን የማነሣው በየቡና ቤቱ እስከ ዛሬ እንደ እውነት ሲወራ ስለምሰማ ነው።

ከቶ ሊናቁ የማይገባቸው ግን ሁለት ጥናቶች አሉ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2018 ጃፓናዊው ቶዮታና ባልደረባው ጊልሮይ ያወጡት ሲሆን፣ የተጠናችውም ተክል፣ ለወዳጃችን ጥያቄ እንዲመች ይመስል፣ የጎመንና የሰናፍጭ ዘመድ ናት። አባጨጓሬ አንዱን ቅጠሏን ሲቆረጥም ከቁስሉ ግሉታሜት የተባለ ንጥረ ነገር ይፈሳል፤ እርሱም በካልሲየም አማካይነት ማዕበል የመሰለ ምልክት አስነሥቶ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ራቅ ወዳሉት ቅጠሎች ያደርሳል፤ እነዚያም ገና ሳይነኩ መከላከያቸውን ማዘጋጀት ይጀምራሉ። ይህ ግሉታሜት በእኛም አንጎል ውስጥ ከነርቭ ወደ ነርቭ መልእክት የሚያመላልስ ነው። ሁለተኛው በ2023 ከቴል አቪቭ የተሰማው ነው፤ ውኃ የተጠማ ወይም ግንዱ የተቆረጠ ቲማቲም፣ ትንባሆም እንዲሁ፣ የሰው ጆሮ የማይሰማው ቀጭን ድምፅ በሰዓት ብዙ ጊዜ ሲያሰማ፣ ያልተጎዳው ግን በሰዓት አንድ ጊዜ እንኳ እንደማይሞላ ተመዘገበ። ጋዜጦችም «ቲማቲም ጮኸ» ብለው ጻፉ። ተመራማሪዎቹ ግን ምክንያቱ ውኃ በሚያሳልፉት ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ የአየር አረፋ መፈንዳቱ ሳይሆን አይቀርም ነው ያሉት፤ ፍንዳታ ደግሞ ልቅሶ አይደለም።

ስለዚህ ተክል ያውቃል፣ ይመልሳል፣ ራሱንም ይከላከላል ብንል አንሳሳትም። ታማሚ ነው ለማለት ግን ሌላ ነገር ያስፈልጋል፤ የሕማም ጥናት ሊቃውንት እንደሚሉት ሕማም ማለት ጉዳቱን የሚሸከም፣ ክፉ ስሜቱም የሚሰማው አንድ ባለቤት ሲኖር ነው። ተክል አንጎል የለውም፤ ከየአካሉ የሚመጣውን ምልክት አንድ ቦታ ሰብስቦ «እኔ ተጎዳሁ» የሚል ማዕከልም አልተገኘበትም፤ የዕፀዋት ተመራማሪው ሊንከን ታይዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 ዕፀዋት ንቃተ ኅሊና የላቸውም፣ አያስፈልጋቸውምም ብለው የተከራከሩት በዚሁ መሠረት ነው።

አያስፈልጋቸውም የሚለውን ቃል ለመመርመር ሩቅ መሄድ የለብንም፤ ከከተማችን ወጣ ብሎ የሲዳማ ገበሬ እንሰት ሲያራባ ማየት ይበቃል። ገበሬው ያልበሰለ እንሰት መርጦ ግንዱን ከሥሩ በላይ ይቆርጠዋል፤ ሥሩን ቆፍሮ ካወጣ በኋላ የመካከሉን እምብርት በቢላዋ ፈልፍሎ ይጥላል፤ አንዳንዴም ሥሩን ሰንጥቆ ለሁለት ወይም ለአራት ይከፍለዋል፤ ከዚያም ከፍግ ጋር አፈር ያለብሰዋል። ወራት ካለፉ በኋላ በዚያ በተፈለፈለው ቁስል ዙሪያ ብዙ ቡቃያ አፈሩን እየሰነጠቀ ይወጣል። ያው እንሰት ሳይነካ ቢተው ኖሮ ከዓመታት በኋላ አንድ ጊዜ አብቦ፣ አፍርቶ ይሞት ነበር። ሕማም ለበግም ሆነ ለሰው የተሰጠው ከጉዳት እንዲሸሽ ነው፤ መሸሽ ለማይችል፣ ተቆርጦም ለሚበዛ ፍጥረት ሕማም ምን ይረባዋል? ይህ ፍጹም ማስረጃ ነው አልልም፤ ነገር ግን ተክል ሕማም አለው የሚለው ወገን መልስ ሊሰጥበት የሚገባ ነገር ነው።

እንዲያውም ለክርክሩ ያህል ጎመኑ ይታመማል ብለን እንቀበል። ወዳጃችን ከዚህ ምን ያተርፋል? የጠበሰው በሬ ዕድሜ ልኩን ሣር ሲነጭና የጤፍ ገለባ ሲያመነዥክ የኖረ ነው፤ በአንድ በሬ ሆድ የገባው ተክል አንድ ጾመኛ ከሚበላው ጎመን ጋር አይወዳደርም። የኛ ከብት በአብዛኛው የሚበላው ሰው የማይበላውን ሣርና ገለባ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጥያቄው ስለ ሕማም ከሆነ ሣርም እንደ ጎመን ተክል ነው። ስለ ዕፀዋት የሚራራ ሰው ከሥጋ በላተኛው ይልቅ ወደ ጾመኛው ገበታ መቅረብ ይኖርበታል።

ጾመኛውም ቢሆን በዚህ አይኩራራ። ቪጋን የሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ1944 በእንግሊዝ አገር ዶናልድ ዋትሰንና ወዳጆቹ ያወጡት ሲሆን፣ ሐሳቡ ሥጋን፣ ወተትን፣ ቅቤንና እንቁላልን ለእንስሳው ሲባል መተው ነው። የኛ ምእመን በዓመት 180 ቀን ያህል እነዚሁኑ ይተዋል፤ መነኮሳቱ ከዚያም ይበልጣሉ፤ ነገር ግን የሚተወው ለራሱ ነፍስ፣ ሥጋውን ለመግራት፣ ንስሐ ለመግባት ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ቅቤ ያልቀመሰ ቤት በትንሣኤ ማለዳ የበግ ደም ሲያፈስ ሕጉን አልጣሰም። የበዓል ሰሞን እዚሁ አውቶቡስ መናኸሪያችን የሚታየውን ማየት ይበቃል፤ ከመኪናው ጣሪያ ላይ የጎመን ጆንያና አራት እግሩ የታሰረ በግ ጎን ለጎን ተጭነው፣ መኪናው በጎርባጣው መንገድ ሲዘል ጆንያው እንደ ተጣለ ይቀራል፤ በጉ ግን አንገቱን ቀና እያደረገ፣ አፉን ከፍቶ እያለከለከ፣ ገመዱ የላጠውን እግሩን ለማስለቀቅ ይታገላል። የጎመንና የበግ ልዩነት ምንድን ነው ለሚል፣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከመጽሐፍ አልፈልግም። ጾሙም ይህን በግ አላየውም ብል ድፍረት አይሁንብኝ።

የዓሣም ነገር እንዲሁ ነው። በሐይቃችን ዳር በአሞራ ገደል ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ የሚመገበው ሕዝባችን በጾም ዓሣ ይፈቀዳል አይፈቀድም በሚለው ክርክር ብዙ ሲደክም፣ ዓሣው ይታመማል አይታመምም የሚለውን አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2003 ሊን ስኔደን የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ በዓሣ ከንፈር ላይ የንብ መርዝና አሲድ ወግተው ሲመለከቱ፣ ዓሣው መብላቱን ለሰዓታት ተወ፣ ይወዛወዝም ጀመር፤ አሲድ የተወጋውም ከንፈሩን ከጠጠር ጋር ያፋትግ ነበር። ጎመን ይህን አያደርግም።

ወደ እንሰቱ ልመለስና በአንድ ችግር ላይ ላቁም። እንሰት ያለ ፍግ አይለማም፤ ስለዚህ ከእንሰት የሚሠራውን ቡርሳሜ ያለ ቅቤ፣ ቆጮውን ያለ ሥጋ የሚበላ ፍጹም ቪጋን እንኳ የሚበላው ከላም እበት የበቀለ ነው። ላሚቱ እንድትታለብ መውለድ አለባት፤ ከምትወልዳቸውም እኩሌታው ያህል ወንድ ነው። የእንሰት ማሳ በአመዛኙ በእጅ ስለሚቆፈር ለእርሻ በሬ ብዙም አይፈለግም፤ ወይፈኑም በመጨረሻ ወደ ቄራ ይነዳል። ሥጋ አልበላም፣ እንስሳ አላስጨንቅም የሚል ሰው ወተቱን ቢተው እንኳ ፍጉን እስከተቀበለ ድረስ፣ ለዚህ ወይፈን ምን እንዳሰበለት ሊነግረን ይገባል።