የኮንክሪት ቱቦና የማይታዩት ነዋሪዎቹ



መሐንዲስ የፍሳሽ ቱቦ ሲነድፍ የውሃውን መጠን፣ የመሬቱን ተዳፋትና ከላይ የሚያርፈውን ሸክም ያሰላል። ይሁን እንጂ ቱቦው ተቀብሮ አገልግሎት ከጀመረ በኋላ በስሌቱ ውስጥ ያልነበሩ ነዋሪዎች ይሰፍሩበታል። እነርሱም ፕሮካርዮት የሚባሉት፣ ኒውክለስ የሌላቸው ባለ አንድ ሕዋስ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። የእነዚህን ጠባይ ማወቅ ለሥነ ሕይወት ተመራማሪዎች ብቻ የሚተው አለመሆኑን አንድ ምሳሌ ያስረዳል።

ብዙ የኮንክሪት ቱቦዎች የሚበሉት ፍሳሹ በሚነካቸው በኩል ሳይሆን ፍሳሹ በማይደርስበት በጣሪያቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ፓርከር የተባለ ተመራማሪ በአውስትራሊያ በሜልቦርን ከተማ ከተበላ የፍሳሽ ቱቦ ላይ አሲድ የሚሠራ ባክቴሪያ ለይቶ በማውጣት የዚህን እንቆቅልሽ ፍቺ አመለከተ።

ነገሩ የሚጀምረው ከታች ነው። በቱቦው ወለል ላይ በሚጋገረው ዝልግልግ ሽፋን ውስጥ ኦክስጅን አይደርስም። በዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች በኦክስጅን ፈንታ በፍሳሹ ውስጥ ያለውን ሰልፌት ይጠቀማሉ፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድም ያወጣሉ። ይህ አኗኗር ከ3 ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው፣ አየሩ ኦክስጅን ከማግኘቱ በፊት የነበረ ነው። ከ2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን የሚያዘጋጁት ሳያኖባክቴሪያ ያወጡት ኦክስጅን በአየር ውስጥ ሲከማች፣ የቀድሞዎቹ አልጠፉም፤ ወደ ረግረግ፣ ወደ ባሕር ደለልና ወደ እንስሳት አንጀት ሸሹ። መሐንዲስም ሳያስበው ሌላ መሸሸጊያ ሠራላቸው።

ጋዙ ወደ ላይ ወጥቶ በጣሪያው እርጥበት ውስጥ ይሟሟል። አዲስ ኮንክሪት ፒኤቹ ከ12 በላይ ስለሆነ ተሕዋስያን አይደፍሩትም። ካርቦን ዳይኦክሳይድና ይኸው ጋዝ ፒኤቹን ወደ 9 ገደማ ሲያወርዱት ግን ኦክስጅን ተጠቅመው ድኝን ወደ ሰልፈሪክ አሲድ የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ይሰፍራሉ። የመጀመሪያዎቹ ለቀጣዮቹ መንገድ ይጠርጋሉ፤ በመጨረሻም ፒኤቹ ከ2 በታች ይወርዳል። በዚህን ጊዜ የሲሚንቶው ኖራ ወደ ጀሶ ተለውጦ ይፈረፈራል፤ ፌሮውም ይራቆታል። መንገዱ እስኪደረመስ ድረስ ጥፋቱን ከላይ የሚያይ የለም።

እነዚህን ተሕዋስያን እንደ ጠላት ብቻ መቁጠር ግን ስሕተት ነው። የድኝን ዑደት በምድር ላይ የሚያሽከረክሩት እነርሱና መሰሎቻቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1914 በማንቸስተር አርደርንና ሎኬት ይፋ ያደረጉት የፍሳሽ ማጣሪያ ዘዴም ለሌሎች ባክቴሪያዎች አየር በመስጠት የሚሠራ ነው። ልዩነቱ በማጣሪያው ሥራቸው የታሰበበት፣ በቱቦው ግን ያልታሰበበት መሆኑ ነው።

ስለዚህ ዝቃጭ እንዳይተኛ በቂ ተዳፋት መስጠት፣ ፍሳሽ ያለ አየር ለረጅም ጊዜ እንዳይቆይ ማድረግ፣ አደጋው በሚያሰጋበትም ቦታ ቱቦውን በውስጥ በኩል በፕላስቲክ መሸፈን የንድፉ አካል ሊሆን ይገባል። ሙቀት የተሕዋስያኑን ሥራ ስለሚያፋጥን በቆላ ከተሞች ጥንቃቄው ይበልጥ ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ ወደ ማንሆል የሚገባው ሠራተኛ ሊታሰብ ይገባል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲበዛ የማሽተት ኃይልን ያደነዝዛል፤ ስለዚህ የሽታው መጥፋት የደኅንነት ምልክት አይደለም። ጋዙ በመሣሪያ ሳይለካና አየሩ ሳይናፈስ ማንም ሰው ወደ ማንሆል እንዲወርድ መታዘዝ የለበትም።